ሰውነት የሳንባ ነቀርሳን እንዴት ይከላከላል? ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋና ወይና ደጋ የሚገኘው ገበሬ ኑሮው በጉልበቱ ላይ የተመሠረተ ነው። በሬ ቢኖር፣ ምርጥ ዘር ቢቀርብ፣ ማዳበሪያ በወቅቱ ቢደርስ፣ እርፉን የሚጨብጠው እጅ ከደከመ መሬቱ ጦም ያድራል። አንድ የቤተሰብ ኃላፊ በክረምት መግቢያ በሳንባ ነቀርሳ ቢወድቅ ጉዳቱ በዚያ ዓመት መኸር ብቻ አያበቃም። በሬው ይሸጣል፤ መሬቱ ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ ልጆች ከትምህርት ገበታ ይቀራሉ። ስለዚህ በሽታው የጤና ጣቢያ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእርሻ ምርት ጉዳይም ነው።

የጤና ባለሙያዎች ዘወትር የሚሰጡት ምክር ግልጽ ነው፦ «መድኃኒቱን ሳታቋርጡ ጨርሱ፤ ወተት አፍሉ፤ መስኮት ክፈቱ፤ በቂ ምግብ ተመገቡ» የሚል ነው። ይሁን እንጂ ገበሬው ምክንያቱን ማወቅ ይፈልጋል። «ሳሉ በወሩ ከቆመ 6 ወር ሙሉ መድኃኒት መዋጥ ለምን?» ይላል። «በአንድ ጣራ ሥር አብረን እያደርን እሱ ታሞ እኔ ሳልታመም የቀረሁት ለምንድን ነው?» ይላል። የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ ካጣ ምክሩ ከአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል።

የጥያቄዎቹ ሁሉ መልስ የሚገኘው ሰውነታችን ከነቀርሳ ባክቴሪያ ጋር በሚያደርገው ትግል ውስጥ ነው። ይህ ጽሑፍ ትግሉን ደረጃ በደረጃ ያስረዳል፤ ከዚያም ከእርሻ ሥራ ጋር ያያይዘዋል። አዘጋጁ የእርሻ ባለሙያ በመሆኑ ጽሑፉ ምርመራና ሕክምናን አይተካም። ሁለቱም የጤና ባለሙያ ሥራዎች ናቸው።

1. በሽታው ከምን ይመጣል?

በብዙ ቀበሌዎች የሳንባ ነቀርሳ ከብርድ፣ ከላብ በኋላ ከሚመታ ነፋስ ወይም ከከባድ ሥራ ይመጣል ተብሎ ይታመናል። ይህ ትክክል አይደለም። በሽታውን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው። ይህን ባክቴሪያ ሮበርት ኮክ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1882 አግኝቶ ለዓለም አስታወቀ።

ባክቴሪያው ከሌሎች የሚለይባቸው ሁለት ጠባዮች አሉት። አንደኛ፣ ሰውነቱ ሰም በሚመስል ወፍራም ልባስ የተሸፈነ ስለሆነ በቀላሉ አይበገርም። ሁለተኛ፣ የሚራባው በጣም በዝግታ ነው። ብዙ ተራ ባክቴሪያዎች በ20 ደቂቃ ያህል አንዱ ሁለት ሲሆን፣ የነቀርሳው ባክቴሪያ ግን ከ15 እስከ 24 ሰዓት ይፈጅበታል። በሽታው ቀስ ብሎ የሚጀምረውም ሕክምናውም የሚረዝመው በዚህ ጠባዩ ምክንያት ነው።

የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። ሳንባው የታመመ ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ ወይም ሲዘፍን እጅግ ደቃቅ የሆኑ ጠብታዎች ወደ አየር ይወጣሉ። ጠብታዎቹ መስኮት በሌለው ቤት ውስጥ ለብዙ ሰዓት ሲንሳፈፉ ይቆያሉ። በአንጻሩ በአንድ ገበታ መብላት፣ በአንድ ዋንጫ መጠጣት ወይም መጨባበጥ የሳንባ ነቀርሳን አያስተላልፍም።

በአገራችን በሽታው እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የነቀርሳ ሸክም አለባቸው ብሎ ከመዘገባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 የታተሙ ጥናቶች ደግሞ በሰሜን ኢትዮጵያ፣ በተለይም በወልዲያ አካባቢ፣ በሌላ አገር እምብዛም የማይገኝ የባክቴሪያ ዝርያ መኖሩን አሳይተዋል። ተመራማሪዎች «7ኛው ዘር» ብለው ሰይመውታል። ይህም ባክቴሪያውና የአገራችን ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ አብረው እንደኖሩ የሚያመለክት ነው።

2. የመጀመሪያው መከላከያ፦ የደጃፉ ዘበኛ

ወደ አፍንጫ የሚገባ አየር ብዙ አቧራና ረቂቅ ነገር ይዞ ይገባል። በአፍንጫና በአየር ቧንቧ ያለው ንፍጥ አብዛኛውን ይይዘዋል። በቧንቧው ግድግዳ ላይ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮችም ወደ ላይ ጠርገው ያወጡታል። እጅግ ደቃቅ የሆኑት ጠብታዎች ግን ይህን አልፈው እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል፣ እስከ ጥቃቅኖቹ የአየር ከረጢቶች ድረስ ይደርሳሉ።

እዚያ የሚጠብቃቸው ማክሮፌጅ የሚባል ነጭ የደም ሕዋስ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ «ዋጭ ሕዋስ» እንለዋለን፤ ሥራው ባዕድ ነገር ሲያገኝ መዋጥ ነውና። የዋጠውን ባክቴሪያ በትንሽ ከረጢት ውስጥ ይዘጋበታል። ከዚያም መፍጫ ጭማቂ የያዘ ሌላ ከረጢት መጥቶ ከመጀመሪያው ጋር ይዋሃድና ባክቴሪያው ይፈጫል። ብዙ ተራ ባክቴሪያዎች በዚሁ ያልቃሉ።

አንዳንድ ሰዎች ከታማሚ ጋር እየኖሩ ባክቴሪያው ፈጽሞ ሥር ሳይሰድባቸው የሚቀረውም የመጀመሪያው መከላከያ ገና በደጃፉ ስለሚያጠፋላቸው እንደሆነ ይታመናል።

3. ጠላት በፍሬው ውስጥ

የነቀርሳው ባክቴሪያ ግን ለዋጭ ሕዋሱ መላ አለው። ከተዋጠ በኋላ መፍጫ ጭማቂ የያዘው ከረጢት እንዳይደርስበት ያግዳል። በዚህም የሚያጠፋው ቤት መኖሪያው ይሆናል። እዚያው ይመገባል፣ እዚያው ይራባል። በመጨረሻም ሕዋሱን ገድሎ ወደሌሎች ይዛመታል።

ለገበሬ ይህን ለማስረዳት የነቀዝን ነገር ማንሳት ይጠቅማል። እናቲቱ ነቀዝ የስንዴውን ወይም የበቆሎውን ፍሬ ቦርቡራ እንቁላሏን ከውስጥ ትጥላለች። እጩ ፍሬውን ከውስጥ እየበላ ያድጋል። ከውጭ ሲያዩት እህሉ ደህና ይመስላል፤ በላዩ የተነሰነሰ ዱቄት መድኃኒትም ውስጥ ያለውን አያገኘውም። የነቀርሳው ባክቴሪያም እንዲሁ በዋጭ ሕዋሱ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚኖር በደም ውስጥ የሚዞሩት ሌሎች መከላከያዎች በቀላሉ አይደርሱበትም። በመሆኑም ሰውነት ሌላ ዘዴ መሻት አለበት።

4. ሁለተኛው መከላከያ፦ የሰለጠነው ሠራዊት

ከዋጭ ሕዋሳት ጎን ለጎን መልእክተኛ የሆኑ ሕዋሳት አሉ። የባክቴሪያውን ቁራጭ ይዘው በአቅራቢያው ወዳለው ዕጢ ይጓዛሉ። ዕጢ የምንለው በአንገት፣ በብብት፣ በንፍፊትና በደረት ውስጥ የሚገኘውን፣ ቁስል ሲኖር የሚያብጠውን ነው። ዕጢው የሠራዊት ማሠልጠኛ ሰፈር ነው ለማለት ይቻላል። በዚያ ቲ ሕዋስ የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ያንን ቁራጭ አይተው ጠላታቸውን ይለያሉ፣ ይባዛሉ፣ በደም ሥር ወደ ሳንባ ይዘምታሉ።

ቲ ሕዋሳት ሳንባ ሲደርሱ ባክቴሪያውን ራሳቸው አይውጡትም። ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል መልእክት አመንጭተው ዋጭ ሕዋሱን «በርታ» ይሉታል። መልእክቱ የደረሰው ዋጭ ሕዋስ ኃይሉ ይታደሳል፤ ታግዶበት የነበረው መፍጫ ጭማቂ ይደርሳል፤ ሸሽጎት የነበረውን ባክቴሪያም ማጥፋት ይጀምራል። ቲ.ኤን.ኤፍ. የተባለ ሌላ መልእክትም በዚህ ሥራ ትልቅ ድርሻ አለው።

ይህ ሥልጠና ጊዜ ይወስዳል። ከመጀመሪያው ወረራ እስከ ሠራዊቱ መድረስ በሰው ላይ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ያህል ያልፋል። በዚህ መካከል ባክቴሪያው ያለ ብርቱ ተቃዋሚ ይራባል።

5. አጥሩ

ሠራዊቱ ከደረሰ በኋላ የሚከተለው ነገር እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ሰውነት ያላጠፋውን ባክቴሪያ ያጥረዋል። በመካከል የተወረሩት ዋጭ ሕዋሳት ይሆናሉ። በዙሪያቸው ሌሎች ዋጭ ሕዋሳት እርስ በርስ ተቆላልፈው ግድግዳ ይሠራሉ። ከነሱ ውጭ ቲ ሕዋሳት እንደ ዘበኛ ይከባሉ። ይህች ትንሽ እብጠት ግራኑሎማ ትባላለች፤ መጠኗ ከጤፍ ፍሬ እስከ አተር ፍሬ ሊደርስ ይችላል።

የእብጠቷ መካከል አየርና ምግብ ስለማይደርሰው ይሞትና አይብ የመሰለ ነገር ይሆናል። በቄራ የሚሠራ የሥጋ መርማሪ በታመመች ላም የደረት ዕጢ ላይ ይህንኑ ያያል፤ ዕጢውን ሲሰነጥቀው ቢጫ አይብ የመሰለ፣ አንዳንዴም ኖራ የተቀላቀለበት የሚመስል ነገር ያገኛል። ከተቻለ የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ከእንስሳት ሐኪም ጋር ሆኖ የማኅበሩን አባላት ይህን ቢያሳያቸው ከብዙ ንግግር ይበልጣል። በሰውም ሳንባ ውስጥ ያለው ትግል ይኸው ነውና።

6. የተኛ በሽታ

በታጠረው ስፍራ የቀረው ባክቴሪያ ሁሉ ይሞታል ማለት አይደለም። ጥቂቱ መራባቱን አቁሞ ይተኛል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው አያስልም፣ አይከሳም፣ ወደ ሌላም አያስተላልፍም፤ ጤነኛ ነው። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ በሕይወቱ ባክቴሪያው ገብቶበት እንደነበረ ይገመታል። ከነዚህ መካከል በሕይወት ዘመናቸው የሚታመሙት ከ100 ሰው ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ናቸው። ከሚታመሙትም አብዛኞቹ የሚታመሙት ባክቴሪያው በገባባቸው በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ውስጥ ነው። «አብረን እያደርን እኔ ለምን አልታመምሁም?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። ያልታመመው ሰው አጥሩ ጠንክሮለታል።

ማሽላ የሚዘራ ገበሬ ይህን ከአቀንጭራ ጋር አስተያይቶ ይረዳዋል። የአቀንጭራ ዘር ከ10 ዓመት በላይ በአፈር ውስጥ ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። የሚነሣው ተስማሚ ሰብል ሲያገኝ ነው፤ የሚበረታውም ለምነቱ ባለቀ መሬት ላይ ነው። ፍግና ብስባሽ በለበሰ፣ ሰብል በተፈራረቀበት ማሳ ላይ ኃይሉ ይቀንሳል። የነቀርሳው ባክቴሪያም እንዲሁ የሚነሣው ሰውነት ሲደክም ነው።

7. አጥሩ ሲፈርስ

አጥሩን የሚያቆሙት ቲ ሕዋሳትና ዋጭ ሕዋሳት ሲዳከሙ የተኛው ይነቃል። ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) ኤች.አይ.ቪ.፦ ይህ ቫይረስ የሚያጠቃው በትክክል ያንን ለዋጭ ሕዋሱ ትእዛዝ የሚሰጠውን ቲ ሕዋስ ነው። ስለዚህ ቫይረሱ በደሙ ያለበት ሰው በነቀርሳ የመታመም ዕድሉ ከሌላው ሰው ከ10 እጥፍ በላይ ይሆናል። የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በወቅቱ ሲጀመር ቲ ሕዋሳቱ ስለሚያገግሙ አደጋው በብዙ ይቀንሳል።

ለ) የምግብ እጥረት፦ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰው የመታመም ዕድሉ 3 እጥፍ ያህል ነው። ዝርዝሩ በተራ ቁጥር 8 ተመልክቷል።

ሐ) የስኳር በሽታ፣ የመጠጥ ብዛትና ትምባሆ፦ ሦስቱም የመከላከያ ሕዋሳትን ያዳክማሉ።

መ) ዕድሜ፦ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መከላከያቸው ገና አልበሰለም። ስለዚህ በሽታው ወደ አንጎል ሽፋንና ወደ መላ ሰውነት ይሠራጭባቸዋል። የአረጋውያን መከላከያ ደግሞ ይደክማል።

አጥሩ ሲፈርስ አይብ የመሰለው ነገር ይቀልጥና ወደ አየር ቧንቧ ይፈስሳል። በሳንባውም ውስጥ ጉድጓድ ይቀራል። አየር ስለሚያገኝ ባክቴሪያው እዚያ በብዛት ይራባል፤ ሰውየው ባሳለ ቁጥርም ወደ አየር ይወጣል። ሳንባውን የሚበላው ባክቴሪያው ብቻ እንዳልሆነ ማወቅ ይገባል። ከገደብ ያለፈው የሰውነት ቁጣም ራሱን ሳንባውን ይጎዳል።

የበሽታው ምልክቶችም ከዚህ ትግል የሚመነጩ ናቸው። ትኩሳቱና የሌሊት ላቡ ሠራዊቱ የሚልካቸው መልእክቶች ውጤት ነው። ክሳቱና የምግብ ፍላጎት መጥፋቱም እንዲሁ ነው፤ እነዚያው መልእክቶች የምግብ ፍላጎትን ይዘጋሉ፣ ጡንቻንም ያሟጥጣሉ። በመሆኑም «ሥራ ጠልቶ ነው» እየተባለ የሚታማው ጎረቤት ታምሞ ሊሆን ይችላል። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የማታ ትኩሳት፣ ላብ ወይም ክሳት ያለው ሰው ሁሉ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ አለበት።

ነቀርሳ ሳንባ ላይ ብቻ አይቀመጥም። በአገራችን ከታማሚዎች ሲሶ ያህሉ ከሳንባ ውጭ፣ በተለይም በአንገት ዕጢ ላይ ይታመማሉ። ሳይቆስልና ሳያም ለሳምንታት ያበጠ የአንገት ዕጢ ካለ ወደ ሐኪም እንጂ ወደ ቆራጭ መወሰድ የለበትም።

8. ምግብና መከላከያ

ለእርሻ ሰው ትልቁ ቁም ነገር በዚህ ክፍል ይገኛል። የመከላከያ ሕዋስ የሚሠራው ከምግብ ነው። ቲ ሕዋስ ለመባዛት ገንቢ ምግብ፣ ብረት፣ ዚንክና ቫይታሚን ይፈልጋል። ባዶ ጎተራ ሠራዊት አይቀልብም።

ይህ ግምት ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ ሥራ በህንድ አገር ጃርክሃንድ በተባለ ክፍለ ሀገር ተሠርቷል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ታትሟል። 2,800 የሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎችና ከ10 ሺህ በላይ የቤተሰብ አባሎቻቸው በሥራው ተካተዋል። ለታማሚዎቹ ሁሉ በየወሩ የምግብ እርዳታ ተሰጠ። ለግማሾቹ ቤተሰቦች ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው በወር 5 ኪሎ ሩዝና 1.5 ኪሎ ጥራጥሬ ከቫይታሚን ጋር ታከለላቸው። ምግቡ በተሰጣቸው ቤተሰቦች በነቀርሳ የታመመው ሰው ቁጥር ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር በ39 በመቶ ቀነሰ። ከታማሚዎቹም መካከል በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ክብደት የጨመሩት ከሞት የመትረፍ ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ።

አንባቢው የምግቡን ዓይነት ልብ ይበል። እህልና ጥራጥሬ እንጂ ከባሕር ማዶ የመጣ ልዩ ነገር አይደለም። የደንቢያ ሜዳ ሽምብራና ጓያ፣ የደጋው ባቄላ፣ አተርና ምስር፣ የዳባትና የደባርቅ ድንች፣ የጓሮ ጎመንና ካሮት፣ ዕንቁላልና የፈላ ወተት በቅርብ የሚገኙ ናቸው። ጓያ ግን ብቻውን በብዛትና ለረጅም ጊዜ ከተበላ እግር ስለሚያሽመደምድ ለታማሚ የሚመከር አይደለም። ሽሮውን ከባቄላ፣ ከአተርና ከሽምብራ ማዘጋጀት ይሻላል።

የማኅበራት ድርሻም እዚህ ላይ ነው። ምርት በተሰበሰበ ማግሥት ገበያ የሚወርደው ጥራጥሬ ሁሉ ተሸጦ በሐምሌና በነሐሴ ቤቱ ባዶ እንዳይሆን አባላት ለምግብ የሚሆን መጠን እንዲያስቀሩ ማስተማር ያስፈልጋል። በጾም ወራትም ገንቢ ምግብ የሚገኘው ከጥራጥሬ ስለሆነ የሽሮው ብዛትና ጥራት ሊታሰብበት ይገባል። ሆኖም ምግብ መድኃኒትን አይተካም። ሁለቱ አብረው የሚሄዱ ናቸው።

9. የቆዳ ምርመራና ክትባት

አንዳንድ አንባቢዎች የእንስሳት ሐኪም የላም አንገት ላጭቶ በሁለት ቦታ ሲወጋ አይተው ይሆናል። የሚወጋው ከባክቴሪያው የተዘጋጀ ቱበርኩሊን የሚባል ፈሳሽ ነው። አንደኛው ከወፍ ዓይነት፣ ሁለተኛው ከከብት ዓይነት ባክቴሪያ የተሠራ ነው። ከ72 ሰዓት በኋላ የቆዳው ውፍረት ይለካል። የላሚቱ ቲ ሕዋሳት ጠላታቸውን ቀድሞ የሚያውቁት ከሆነ ወደ ስፍራው ይጎርፉና ቆዳው ያብጣል። በሰውም ላይ በክንድ ቆዳ የሚደረገው ምርመራ ሥራው አንድ ነው። እንግዲህ ምርመራው የሚለካው ባክቴሪያውን ሳይሆን የሠራዊቱን ትዝታ ነው። ስለሆነም ምልክቱ የታየበት ሰው ባክቴሪያው ገብቶበት ነበር ይባላል እንጂ ታምሟል አይባልም።

በደም የሚደረገው ምርመራም ከከብት የመጣ ነው። የቲ ሕዋስን መልእክት፣ ማለትም ኢንተርፌሮን ጋማን፣ የሚለካው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በአውስትራሊያ በመጀመሪያ ለከብት ተዘጋጀ፤ በኋላም ለሰው ዋለ።

የቢ.ሲ.ጂ. ክትባት ታሪክም እንዲሁ ነው። ካልሜት የተባለው ሐኪምና ጌሬን የተባለው የእንስሳት ሐኪም በፈረንሳይ አገር በሊል ከተማ የከብት ነቀርሳ ባክቴሪያን በበሬ ሐሞት በተዘጋጀ የድንች ቁራጭ ላይ ከ1908 እስከ 1921 እ.ኤ.አ. 230 ጊዜ እያዛወሩ አራቡት። በመጨረሻም ባክቴሪያው በሽታ የማምጣት ኃይሉን አጣ፤ መከላከያን የማሠልጠን ኃይሉ ግን አልጠፋም። ዛሬ ሕፃናት እንደተወለዱ የሚወጉት ይኸው ነው። ሕፃናትን ከአንጎል ሽፋንና ወደ መላ ሰውነት ከሚሠራጭ ነቀርሳ በደንብ ይጠብቃል። ለአዋቂዎች የሳንባ ነቀርሳ ግን የሚሰጠው ጥበቃ አነስተኛ ነው። ስለዚህ «ክትባት ወስጄአለሁ» ብሎ ሳልን ችላ ማለት አይገባም።

በአገራችን በጥጆች ላይ የተደረገና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት ክትባቱ የበሽታውን መተላለፍ በ89 በመቶ ያህል ሊቀንስ እንደሚችል አመልክቷል። ይህ ለወተት ከብት አርቢዎች ጥሩ ተስፋ ነው።

10. ከብትና ወተት

በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የወተት እርባታዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት 3 ሺህ ያህል ከብቶች 30 በመቶው የነቀርሳ ምልክት እንዳሳዩ ገልጿል። የሀገር ዝርያ በሆኑና ውጭ በሚሰማሩ ከብቶች ላይ ግን ቁጥሩ በጣም ዝቅተኛ ነው። በጎንደርና በአዘዞ ዙሪያ የውጭ ደም ያላቸውን ላሞች በጠባብ ጋጣ የሚያረቡ ሰዎች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። ላሞች ተጨናንቀው በአንድ ትንፋሽ ሲኖሩ በሽታው በመካከላቸው ይዛመታል።

በሌላ በኩል ነገሩን ማጋነን አያስፈልግም። በተለያዩ የአገራችን ሆስፒታሎች ከታማሚዎች የተወሰዱ ባክቴሪያዎች ሲመረመሩ የከብቱ ዓይነት ሆኖ የተገኘው ከ100 አንድ እንኳ አልሞላም። በሽታው በአብዛኛው ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። እንዲያውም የሰውን ዓይነት ባክቴሪያ በከብት ላይ ያገኙ ጥናቶች አሉ። ስለዚህ የሚያስል እረኛ ለከብቱም አደጋ ነው።

ለጥንቃቄ ግን ወተት መፍላት አለበት። በማኅበር ደረጃ ወተት በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ወይም በ72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ ቢሞቅ ባክቴሪያው ይሞታል፤ በቤት ውስጥ ገንፍሎ እስኪነሣ ማፍላት በቂ ነው። ወተት መርጋቱ ብቻ ባክቴሪያውን ለመግደል አስተማማኝ አይደለም። እርጎ የሚዘጋጀው ቀድሞ ከፈላና ከቀዘቀዘ ወተት ቢሆን ይመረጣል። የአንዲት የታመመች ላም ወተት በማኅበሩ ቢዶን ውስጥ ከሌላው ጋር ሲቀላቀል ሁሉን እንደሚበክል አባላት ማወቅ አለባቸው።

11. መድኃኒቱ ለምን 6 ወር?

የተለመደው ሕክምና በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት 4 ዓይነት፣ በቀሩት 4 ወራት 2 ዓይነት መድኃኒት የሚሰጥበት ነው። በመንግሥት የጤና ተቋማት መድኃኒቱ በነፃ ይታደላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በፍጥነት የሚራቡት ባክቴሪያዎች ስለሚያልቁ ሳሉ ይቀንሳል፤ ሰውየውም ወደ ሌላ የማስተላለፍ ኃይሉ ቶሎ ይወርዳል። በአጥሩ ውስጥ የተኙት ግን ገና አሉ። መድኃኒት በቀላሉ የሚገድለው የሚራባውን ነው፤ የተኛውን ለማግኘት እስኪነቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። በ2ኛው ወር «ድኛለሁ» ብሎ ያቆመ ሰው አረሙን ከላይ አጭዶ ሥሩን እንደተወ ገበሬ ነው። ከዚህም የከፋው የተረፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ሊለምደው መቻሉ ነው። የለመደውን ማከም እጅግ ከባድ ነው።

የእርሻ ወቅት ለብዙዎች ማቋረጫ ምክንያት ይሆናል። ከአዘዞ በሚነሣው መንገድ ወደ መተማ ወርደው ሰሊጥ የሚያርሙና የሚያጭዱ ሠራተኞች መድኃኒታቸውን ትተው የሚሄዱበት ጊዜ አለ። በዚያም ብዙ ሰው በአንድ ዳስ ተጨናንቆ ያድራል። ለቀን ሥራ የሚሄድ ታማሚ ከመነሣቱ በፊት ለጤና ጣቢያው አስታውቆ የመዘዋወሪያ ወረቀት ቢይዝ በሄደበት ቦታ መድኃኒቱን ያገኛል።

የታማሚ ቤተሰብ አባላት፣ በተለይም ሕፃናትና ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ያለባቸው ሰዎች፣ ሳይታመሙ የሚወስዱት መከላከያ መድኃኒት አለ። ይህ መድኃኒት የተኛውን ባክቴሪያ ሳይነቃ የሚያጠፋ ነው። ስለሆነም አንድ ሰው ሲታመም ቤተሰቡ ሁሉ መመርመር አለበት።

12. የኤክስቴንሽን ሠራተኛውና የማኅበሩ ተግባር

ሀ) በስብሰባ ላይ ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሁሉ እንዲመረመር ማሳሰብ፤ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ተባብሮ መሥራት።

ለ) መድኃኒት የጀመረ አባል በደቦና በወንፈል እንዲረዳ ማድረግ። በሕክምናው መጀመሪያ ወራት ማሳው ታርሶ ካልተዘራለት መድኃኒቱን ትቶ ወደ እርሻው ይመለሳል።

ሐ) ታማሚን ከማኅበር፣ ከዕድርና ከገበታ ማግለልን መከላከል። የተገለለ ሰው በሽታውን ይደብቃል፤ የተደበቀ በሽታ ደግሞ ይዛመታል።

መ) አዲስ ቤት ሲሠራ ትይዩ የሆኑ ሁለት መስኮቶች እንዲኖሩት፣ ከብትም ከሰው መኝታ ተለይቶ እንዲያድር መምከር። የማኅበሩ መጋዘንና የስብሰባ አዳራሽም ነፋስ የሚዘዋወርባቸው መሆን አለባቸው።

ሠ) የወተት ማኅበራት አዲስ ላም ከመግዛታቸው በፊት የእንስሳት ሐኪም እንዲያስመረምሩ ማድረግ።

ረ) በየጓሮው ጎመን፣ ካሮትና ባቄላ እንዲተከል፣ ለክረምት የሚሆን ጥራጥሬም እንዲቀመጥ ማበረታታት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1) ባክቴሪያው የገባበት ሰው ሁሉ የማይታመመው ለምንድን ነው?
2) ሳል ከቆመ በኋላ መድኃኒት መቀጠል የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? በአረም ወይም በአቀንጭራ ምሳሌ አስረዱ።
3) በቀበሌያችሁ ጥራጥሬ ከቤት የሚያልቀው በየትኛው ወር ነው? ማኅበሩ ምን ሊያደርግ ይችላል?
4) አንድ አባል በሰኔ ወር ሕክምና ቢጀምር ማሳውን ማን ያርስለታል?

ማጠቃለያ

የሰው ሰውነት በነቀርሳ ፊት ባዶ እጁን አይደለም። ደጃፍ ላይ ዋጭ ሕዋስ አለው፤ የሚሠለጥን ሠራዊት አለው፤ ጠላቱን ዓመታት ሙሉ አጥሮ የሚያቆይ አጥር አለው። ከ10 ሰው 9ኙ በዚህ ኃይል ሳይታመም ይኖራል። አጥሩ እንዳይፈርስ የሚረዱት ነገሮች በቂ ምግብ፣ ንጹሕ አየር፣ ክትባትና በወቅቱ መመርመር ናቸው። ከፈረሰም መድኃኒት አለ፤ በአግባቡ የጨረሰው አብዛኛው ሰው ይድናል። ምግቡ ከማሳ፣ ጉልበቱም ከጎረቤት የሚገኝ ስለሆነ በዚህ ትግል ውስጥ የኤክስቴንሽን ሠራተኛውና ማኅበሩ የራሳቸው ድርሻ አላቸው። የመጀመሪያው ሥራ በሚመጣው ስብሰባ አራተኛውን የመወያያ ጥያቄ ማንሣትና የሚያርሱትን ሰዎች ስም በመዝገብ መጻፍ ነው።